የሰጠመውን መርከብ ለምን አያወጡትም? ከአንድ የቤተሰብ ጉዞ ዕቅድ የተነሣ የታሪክ ጥያቄ

የዛሬው ንግግሬ መነሻ እንደ ወትሮው ቤተ መዛግብት አይደለም፤ የቤተሰብ ስልክ ነው። በቶሮንቶ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በመጪው ክረምት ልጃችንን ይዘን እንድንጎበኘው እኔንና ባለቤቴን ጋበዘን (የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ መሆኑን ልብ ይሏል)። የ14 ዓመት ወንድ ልጁና የ11 ዓመት ሴት ልጁ የአየር ጋን ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅን ተምረዋል። የእኔም ልጅ ለሥራ ጅቡቲ በከረመችበት ጊዜ ይህንኑ ተምራለች። እኔ መዋኘት እንኳ የማልችል ደገኛ ነኝ። ሆኖም ወንድሜ፣ «ጋሼ፣ የታሪክ ሰው አንተ ነህና ልጆቹ የሚያዩዋቸውን የሰጠሙ መርከቦች አንተ ምረጥልን» ብሎ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዝርዝሩን በስልክ ሳነብላቸው ግን የወንድሜ ልጅ፣ «አጎቴ፣ መርከቡ ይህን ያህል ያልተበላሸ ከሆነ ለምን አውጥተው ሙዚየም አያስቀምጡትም?» ሲል ጠየቀኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ስለ ሰነድ አጠባበቅ ያስተማርሁ ሰው ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ለዚያ ልጅ ያዘጋጀሁትን መልስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በካናዳና በአሜሪካ መካከል የሚገኙት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ስማቸው ሐይቅ ይሁን እንጂ ጠባያቸው የባሕር ነው። የኢሪ ቦይ በ1825፣ የዌላንድ ቦይ በ1829፣ የሱ ሴንት ማሪ የመርከብ መተላለፊያ ደግሞ በ1855 ሲከፈቱ እህል፣ የድንጋይ ከሰል፣ እንጨት፣ የብረት ማዕድንና ስደተኛ በእነዚህ ሐይቆች ላይ ይጓጓዝ ጀመር። የኅዳር ማዕበል፣ ጭጋግ፣ እሳትና የመርከቦች ግጭት ብዙዎቹን አሰጠሙ። በአጠቃላይ የሰጠሙት ስድስት ሺህ ያህል እንደሚደርሱ ይገመታል።

ለታሪክ ተማሪ ግን ከመስጠማቸው ይልቅ የሚገርመው ሳይፈርሱ መቆየታቸው ነው። በጨዋማ ባሕር የሚሰጥም የእንጨት መርከብ ቴሬዶ የሚባል እንጨት ቦርቡሮ የሚበላ ፍጡር ይገጥመዋል፤ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥም ከአሸዋ በላይ የቀረው አካል ይጠፋል። ቴሬዶ ጨው በሌለው ውሃ አይኖርም። በዚያ ላይ የሐይቆቹ ጥልቅ ውሃ ዓመቱን ሙሉ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ መበስበስ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት የሰጠመ መርከብ ምሰሶው እንደቆመ ሊገኝ ይችላል። የእኛን ጣናም እዚህ ላይ አስቤዋለሁ። ጣናም ጨው አልባ ነው፤ ነገር ግን ለዘመናት ሰውና ሸቀጥ ያመላለሰው የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠግብ ይጣላል፤ ከታሪክ ጸሐፊው እጅ የሚገባ ነገር አያስቀርም። ለአንድ ዘመን የሚተርፈው ማስረጃ በዕቃው ጠባይ የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። ከቶሮንቶ በስተሰሜን ምዕራብ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሂውረን ሐይቅና በጆርጂያን ቤይ መገናኛ ላይ፣ ቶበርሞሪ የምትባል ትንሽ የወደብ መንደር አለች። በዙሪያዋ ያለው ውሃ ከ1987 ጀምሮ ፋተም ፋይቭ በሚባል ብሔራዊ የውሃ ፓርክ ተከልሏል። ከመንደሯ ወደቦች አንዱ በሆነው በቢግ ተብ፣ በ7 ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ስዊፕስቴክስ የተባለች ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ተኝታለች። የተሠራችው በ1867 ነው፤ የመቅደላ ጦርነት ሊካሄድ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በ1885 በአቅራቢያው ካለ ደሴት ዳር ተጎዳች፤ ተጎትታ ወደብ ከገባች በኋላም ሰጠመች። ጭነቷ የነበረው የድንጋይ ከሰል ኋላ ወጥቷል። አጠገቧ በ1907 በእሳት የጋየው ሲቲ ኦፍ ግራንድ ራፒድስ የተባለ የእንፋሎት መርከብ ይገኛል። ይህን መርከብ እሳቱ ወደ መንደሩ እንዳይዛመት ከቆመበት ወደብ ጎትተው አወጡት፤ እሱም እየተንሳፈፈ መጥቶ እዚህ ሰጠመ። ሁለቱንም ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ማየት ስለሚቻል እኔና ባለቤቴም ከጉዞው አንጎድልም።

ወንድሜ ግን በምርጫዬ አልረካም። እሱና ልጄ በ1884 የሰጠመችውን አረቢያን እንዲያዩ ይፈልጋል። አረቢያ ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ናት፤ በእርግጥም እጅግ የምታምር ናት ይባላል። ነገር ግን ሊያይዋት ወርደው ያልተመለሱ ጠላቂዎች አሉ። በሞቃት ባሕር የተማረ ሰው ከላይኛው ለብ ያለ ንብርብር በታች በድንገት የሚጠብቀውን ቅዝቃዜ አያውቀውም። ጨው አልባ ውሃ እንደ ባሕር ስለማያንሳፍፍ ጅቡቲ የታጠቀችውን ያህል እርሳስ ከታጠቀች ከሚገባው በላይ ትከብዳለች። ለትንሿ ልጅ ደግሞ በዕድሜዋ የተፈቀደው ጥልቀት 12 ሜትር ነው። የቢግ ተብን ወደብ የመረጥሁት ግን ለጥልቀቱ ብቻ ብዬ አይደለም። በ1975 በሱፒሪየር ሐይቅ የሰጠመው ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ 29 ሰዎችን ይዞ ነው የወረደው። በ1995 በቤተሰቦቻቸው ጥያቄ ደወሉ ሲወጣ የ29ኙ ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል በምትኩ ወርዶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ስፍራ ለልጆች መዝናኛ መምረጥ አልተቻለኝም።

አሁን የልጁን ጥያቄ ልመልስ። መርከብ አውጥተው ያዩ ሰዎች ነበሩ። አልቪን ክላርክ የተባለችው የሸራ መርከብ በ1864 በሚሺጋን ሐይቅ፣ በግሪን ቤይ ሰጠመች። በ1967 የዓሣ አጥማጅ መረብ ተያዘባትና ተገኘች። በ1969 ጠላቂዎች በብዙ ድካም አወጧት፤ ውስጧ ያለው ውሃ ተቀድቶ ሲያልቅ ከመቶ ዓመት በኋላ በራሷ ተንሳፈፈች። የዚያን ዕለት የነበረውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ውስጡ በባክቴሪያ ተበልቶ ቅርጹን የሚይዝለት ውሃው ብቻ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራል። ስዊድናውያን በ1961 ያወጧትን ቫሳን ለማዳን ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ረጭተውባታል፤ ይህን ያደረገው የመንግሥት አቅም ነው። አልቪን ክላርክ ያን ያህል ገንዘብም ባለሙያም አላገኘችም። በሜኖሚኒ ከተማ ፀሐይና በረዶ ሲፈራረቁባት ኖራ በ1994 ተሰባብራ ተጣለች። ሐይቁ ከመቶ ዓመት በላይ የጠበቃትን ሰዎች ሩብ ምዕት ዓመት ሊያቆዩአት አልቻሉም። የሚገርመው ያጠፏት የሚወዷት ሰዎች መሆናቸው ነው።

ከቦታው የተነሣ ቅርስ ነገር ለእኛ ባዕድ ባለመሆኑ በዚህ መልስ ወዲያው ትስማሙ ይሆናል። እኔም ተስማምቼ ነበር። ነገር ግን «ባለበት ይቆይ» የሚለው መልስም ዛሬ አያስተማምንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ የመጡ፣ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚይዙት ውሃ ውስጥ የተጓዙ፣ ዜብራና ኳጋ ሙሰል የሚባሉ ትናንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳት ወደ ሐይቆቹ ገቡ። በብዙ መርከቦች ላይ በንብርብር ተጣብቀው የስም ጽሑፍን፣ የአናጺን የመጥረቢያ ምልክት፣ የምስማርን ራስ ይሸፍናሉ፤ ክብደታቸው እንጨቱን ይጫናል፤ ሥራቸውም ብረቱን ያስዝገዋል። ውሃውን እያጣሩ ስለሚኖሩ ደግሞ ሐይቁን ያጠሩታል፤ ጠላቂው ዛሬ ከአባቱ ይልቅ አርቆ ያያል፤ የሚያየው ግን የተሸፈነ መርከብ ነው። ስለዚህ መርከቡን ማውጣት አይቻልም፤ መተውም ማዳን አይደለም። የቀረን መለካት፣ መሳልና ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ይህ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ለእረፍት በሄዱ ጠላቂዎች ሊሠራ የሚችል መሆኑ ለእኔ አዲስ ዕውቀት ነበር።

ዕቅዱ እስካሁን ይህን ይመስላል። ጠላቂ ሁሉ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ምስማርም ቢሆን ማንሣት ክልክል ነው። ሁለት ቀን በቢግ ተብ ይጠልቃሉ፤ ልጄ ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያልፍ አውሮፕላን እንዳትሳፈር የመመለሻ ቀናችንን አራዝመናል። የወንድሜ ልጅ ውሃ ውስጥ የሚጻፍበት ሰሌዳና የመለኪያ ገመድ ይዞ የስዊፕስቴክስን የፊት ክፍል ይለካል፤ እኅቱ ትስላለች፤ እኔ ደግሞ ጀልባው ላይ ሆኜ ልኬቱን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ልጁ መልሴን ከሰማ በኋላ «እሺ፣ ከዓመት በኋላ ተመልሰን ብንለካውስ ተለውጦ እናገኘዋለን?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ከመጀመሪያው የተሻለ ጥያቄ ነው። የአረቢያን ጉዳይ በተመለከተ ወንድሜ ገና አልተቀበለኝም፤ እሑድ እንደገና እንነጋገራለን። አሁን ወደ እናንተ ጥያቄዎች እንለፍ።