የስፖርት ክለቦች በኢስፖርት ሊጎች

ኢስፖርት (ኤሌክትሮኒክ ስፖርት) ማለት ተጫዋቾች ወይም ቡድኖች በቪዲዮ ጌም፣ በደንብና በሽልማት የሚያካሂዱት ውድድር ነው። ከ2015 ወዲህ በርካታ የእግር ኳስ፣ የቅርጫት ኳስና የቤዝቦል ክለቦች ወይም ባለቤቶቻቸው ተጫዋች በመቅጠር፣ ቡድን በመግዛት ወይም የሊግ ቦታ በመግዛት ወደ ዘርፉ ገብተዋል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘርፉን ከተለመደው ስፖርት የሚለየው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ፊፋ ውድድር ያዘጋጃል እንጂ እግር ኳስ የማንም ንብረት አይደለም፤ ቪዲዮ ጌም ግን የሠሪው ኩባንያ ንብረት ነው። ኩባንያው ደንቡን ሊለውጥ፣ ሊጉን ሊዘጋ፣ ጌሙንም ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል።

አጀማመር

ከቀዳሚዎቹ አንዱ የቱርኩ ቤሺክታሽ ነው። ክለቡ በጥር 2015 የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ቡድን የያዘ ሲሆን፣ ቡድኑ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር ተሳትፏል። የጀርመኑ ቮልፍስቡርግ፣ ከዚያም የእንግሊዞቹ ዌስትሃምና ማንቸስተር ሲቲ የፊፋ ጌም ተጫዋቾችን ቀጠሩ። ፓሪ ሴንት ጀርሜን በ2016 የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ቡድን ቢያቋቁምም አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ተወው። በ2018 ግን ኤልጂዲ ከተባለው የቻይና ቡድን ጋር በዶታ 2 ተጣምሮ፣ በዚያው ዓመት በጌሙ ታላቅ ውድድር ሁለተኛ ወጣ።

በአሜሪካ የፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ በመስከረም 2016 ዲግኒታስና ኤፔክስ የተባሉ ሁለት ቡድኖችን ገዝቶ አንድ አደረጋቸው።

የሊግ ቦታ ግዢ

ትልቁ ገንዘብ የወጣው የኦቨርዎች ሊግ ሲመሠረት ነው። ብሊዛርድ ኩባንያ ያቋቋመው ይህ ሊግ በ2018 በ12 ቡድኖች የጀመረ ሲሆን፣ ለአንድ ቦታ የተጠየቀው ክፍያ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል። የቦስተኑን ቡድን የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ባለቤት ሮበርት ክራፍት፣ የኒው ዮርኩን በወቅቱ የሜትስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤቶች የነበሩት የዊልፖን ቤተሰብ ያዙት። ከሎስ አንጀለስ ሁለት ቡድኖች አንዱ፣ ግላዲየተርስ፣ የስታን ክሮንኬ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በአርሰናል ባለቤትነታቸው የሚታወቁት ክሮንኬ ማለት ናቸው።

በጥቅምት 2022 ብሊዛርድ የመጀመሪያውን ኦቨርዎች ዘግቶ በሁለተኛው እትም ተካው። ሊጉ ራሱም በ2023 አከተመ።

የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሰሜን አሜሪካ ሊግም ከ2018 የውድድር ዘመን ጀምሮ ቋሚ ቦታ ሲሸጥ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስና ሂውስተን ሮኬትስ ገብተው ነበር። ሮኬትስ ቦታውን በ2019 ሲሸጥ፣ የዋሪየርስ ቡድን በ2023 ወጣ።

የሻልከ ጉዳይ

የሊግ ቦታ በእርግጥ ሀብት ሊሆን እንደሚችል በጉልህ ያሳየው የጀርመኑ ሻልከ 04 ነው። ክለቡ በ2016 ኤሌመንትስ የተባለውን ቡድን ቦታ ገዝቶ ወደ አውሮፓው የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ሊግ ገባ፤ በዚያው ዓመት ወረደ፤ ተመልሶ በ2018 ለፍጻሜ ደረሰ። ከ2019 ጀምሮ ሊጉ መውረድን አስቀርቶ ቦታዎቹን ቋሚ አደረገ። በ2021 ከባድ ዕዳ የነበረበት የእግር ኳሱ ቡድን ከቡንደስሊጋ ሲወርድ፣ ሻልከ የጌሙን ቦታ ለስዊሱ ቡድን ቢዲኤስ በ26.5 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ለወጉ ያህል ተደርጎ ይታይ የነበረው ክፍል የዋናውን ቡድን ችግር ማስታገሻ ሆነ።

የስፖርት ሊጎች የራሳቸው ጌም ውድድር

ሌላው መንገድ የስፖርቱን የራሱን ጌም መጫወት ነው። የኔዘርላንድስ ኤርዲቪዚ በ2017 ክለቦቹ በፊፋ ጌም የሚገናኙበትን ሊግ ጀመረ፤ የጀርመን ክለቦች በ2019 ተከተሉ። ኤንቢኤ ደግሞ ከጌሙ ሠሪ ከቴክ ቱ ጋር በሽርክና የኤንቢኤ ቱኬ ሊግን በ2018 በ17 ቡድኖች ከፈተ፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮን የኒው ዮርክ ኒክስ ቡድን ነበር። ከጌሙ ሠሪ ጋር መሸረክ የባለቤትነቱን አደጋ ያቃልላል፤ ሌሎቹ ክለቦች ግን በዚህ ረገድ ዋስትና የላቸውም። ለምሳሌ ፊፋና ኢኤ ስፖርትስ ሲለያዩ ጌሙ ከ2023 ጀምሮ ስሙን ለውጧል።

ከኢትዮጵያ አንጻር

በኢትዮጵያ ከተሞች የጌም ውድድር መሠረቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የእግር ኳስ ጌም ይጫወታል፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። የርቀት ሊግ ግን ይፈልጋል፤ ለምሳሌ በካፋ ዞን ከሺሺንዳ የተነሳ መረጃ ጀርመን ያለ ሰርቨር ለመድረስ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ገመዱ በጎረቤት አገሮች ዞሮ ወደ ባሕር ስለሚወርድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል፤ በፈጣን ጌም ደግሞ እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ዋጋ አለው።

እንደ ባሕር ዳር ከነማ፣ ሐዋሳ ከተማና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያሉ ክለቦች የቆሙት በከተማ አስተዳደርና በተቋም ድጋፍ በመሆኑ የአሜሪካ ባለሀብቶችን መንገድ መከተል ይከብዳቸዋል። የኔዘርላንድሱ ዓይነት ሊግ ግን ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቅ የቦታ ግዢ የለበትም፤ ለአንድ ክለብ ጥቂት ተጫዋቾችና የመጫወቻ መሣሪያ ይበቁታል፤ ግጥሚያው በአንድ አዳራሽ ከተካሄደም የርቀቱ ችግር አይነሳም።