ፎርማት ከተደረገ በኋላ አማርኛው የት ሄደ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ ደጋግማችሁ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ስላለ እዚሁ ለሁላችሁም ልመልስ። ኮምፒውተራችሁን ቦሌም ሆነ መገናኛ ወስዳችሁ ፎርማት ታስደርጋላችሁ። ዊንዶውሱ አዲስ፣ ፍጥነቱ ልዩ። የድሮ የአማርኛ ፋይል ስትከፍቱ ግን የላቲን ፊደልና ቃለ አጋኖ የተዘባረቀበት ነገር ይመጣል። "ቫይረስ ነው እንዴ?" ትሉኛላችሁ። አይደለም። ነገሩ ከ30 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ለፊደላት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ አለ። ላቲን ተዝናንቶ ይገባል። የእኛ ግን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ እነ ሏና ቋ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። እነ ዶ/ር አበራ ሞላ ኮሎራዶ፣ እነ አቶ ፍስሐ አጥላው ካሊፎርኒያ ሆነው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ጋር ታግለዋል። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ዛሬ አልገባበትም።

አዲስ አበባ ቢሮዎች ውስጥ የነገሡት ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ነበሩ። ዘዴው ብልጠት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን መጻፉን ነው፣ ፎንቱ ግን በላዩ ላይ አማርኛ ይሥላል። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ "አዲስ አበባ" ፎንቱ ሲነሳ ሁለቱም ቃላት በላቲኗ ኤክስ ይጀምራሉ፤ "ዲ" ላይ ቃለ አጋኖ ጣልቃ ይገባል። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አደራደር ነበረው። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ከሲ ድራይቭ ጋር ይጠፋል፤ ዲ ላይ ያለው ፋይል ግን እንዳለ ነው። የጠፋው መነጽሩ ነው።

ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 እትሙ፣ 345 ምልክት አድርጎ ተቀበለ። ዊንዶውስ ግን ኒያላ ፎንትንና የአማርኛ ኪቦርድን ይዞ የመጣው በቪስታ ነው። ኤክስፒ በነገሠባቸው ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በድሮው ዘዴ ጻፈ፤ የእድር ደንብ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የዚያ ዘመን ብዙ አዋጆች በፒዲኤፍ ሲከፈቱ ለዓይን ቆንጆ አማርኛ ናቸው፤ "መሬት" ብላችሁ ፈልጉ ብትሉት ግን የለም ይላችኋል። የሀገር ሕግ በላቲን ጭምብል ተቀምጧል ማለት ነው። ለፍለጋ ሞተርም፣ ለዓይነ ስውር አንባቢ ማሽንም ያው ዝብርቅርቅ ነው።

አሁን ወደ ፋይላችሁ። ሁሉንም መርጣችሁ ወደ ኒያላ ቀይራችሁ ሴቭ እንዳታደርጉ! በየትኛው አደራደር እንደተጻፈ የሚነግራችሁ እዚያ የቀረው የፎንቱ ስም ነው። ስሙን ዎርድ ላይ አንብቡ፣ ያንኑ ፎንት ፈልጋችሁ ጫኑ፣ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት፤ ዋናውንም አትሰርዙ። ፋይሉ በኒያላ ተጽፎ ገጾቹ ብቻ ከተዛነፉ ግን ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን ስለሆነ በቦታው ኤብሪማ ገብቶ ነው።

ገና ፎርማት ያላስደረጋችሁ ደግሞ፣ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንትስ ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡ።