ማርቸዲሱና ቮልሱ

ጥር ሲብት የጉለሌ መንገድ የሰርገኛ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ቅዳሜና እሁድ ክላክሱ አያባራም። ፊት ፊት የቪዲዮ መኪና፣ ቀጥሎ አበባ የለበሰው የሙሽሮች መኪና፣ ከኋላ ሚዜዎች፣ ከዚያ ወዲያ ዘመድ አዝማድ የጫነ ሚኒባስ። ልጅ ሆነን መንገድ ዳር ተቀምጠን እንቆጥር ነበር። ኮሮላ ነጥብ የለውም። ላንድክሩዘር አንድ ነጥብ። አፍንጫው ላይ ኮከብ ያለበት ከመጣ ግን ጨዋታው አለቀ፤ ቀድሞ "ማርቸዲስ!" ብሎ የጮኸ አሸነፈ። ያ መኪና በሰዓት የሚከራይ መሆኑን፣ በአንድ ቀን ሁለት ሙሽራ ሊያወርድ እንደሚችል ያወቅነው በኋላ ነው። ቢሆንም ነጥቡን አልቀነስንለትም።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ጀርመኖቹ ራሳቸው "ማርቸዲስ" አይሉም። "ቸ"ዋን ያመጣት የጣልያን አፍ ነው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጣልያንኛ ያልነካው ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። ከጋራዥ ስትወጣም ታርጋ፣ ሊብሬና ቦሎ ይጠብቁሃል። የአዲስ አበባ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ጣልያንኛ ሲናገር ይውላል፣ መናገሩን ግን አያውቅም። እናም እኛ "ማርቸዲስ" ስንል የጀርመን መኪናን፣ በስፓኝ ስም፣ በጣልያን አነጋገር እየጠራን ነው።

የስፓኝ ስም ያልኩት የሴት ልጅ ስም ስለሆነ ነው። ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል፣ ኒስ በምትባለው የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ነጋዴ የዳይምለርን መኪኖች ለሀብታሞች ይሸጥ ነበር። ፍጥነት የሚወድ፣ ፋብሪካውን በደብዳቤ የሚነዘንዝ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለና ኃይለኛ መኪና እንዲሠሩለት 36 አዘዘ፣ ስሙም የ10 ዓመት ልጁ የሜርሴዴስ ስም እንዲሆን ጠየቀ። ቪልሄልም ማይባክ የነደፈው ይህ መኪና በ1901 ኒስ ላይ ተወዳዳሪዎቹን ጥሎ ሄደ፤ በ1902 ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው የራሱንም ስም "ዬሊኔክ ሜርሴዴስ" አስባለው።

እኛ ጋ ልጅ ነው በአባቱ ስም የሚጠራው፤ አባት በልጁ ስም መጠራቱ ግራ ሊያጋባን ይችላል። ግን አስቡት፣ ምኒልክ "አባ ዳኘው"፣ ኃይለ ሥላሴ "አባ ጠቅል" ይባሉ የለ? የፈረስ ስም ነው። ጌታ በሚጋልበው መጠራቱ ለአበሻ አዲስ ነገር አይደለም። ዬሊኔክም በእኛ ወግ ቢሆን "አባ ማርቸዲስ" ነበር። ስሙ ደግሞ ከእመቤታችን የምሕረት መጠሪያ የመጣ ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ "ምሕረት" ይሆናል። ሙሽሮቹን የጫነው መኪና ዳገቱን ወጥቶ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ታርጋ ሲያቋርጥ ሞክሼዋን እየተሳለመ ነው ማለት ይቻላል።

መኪና ራሱ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ዎልስሌይ መኪናውን ከባሕር ዳርቻ አንስቶ በበረሃው አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰና ለአፄ ምኒልክ አቀረበ። (ከቤንትሌይ መኪና ጋር አታምታቱት፤ ያ ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።) መንገድ በሌለበት አገር መኪና ማምጣት የሥራ ጉዳይ አልነበረም፣ የክብር እንጂ። ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ አብሮን ቆይቷል። መኪና እኛ ጋ ዕቃ ወይም ሰው ማመላለሻ ሳይሆን አስቀድሞ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር።

የጃንሆይ መኪኖች ከዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ከያኔው ገነተ ልዑል ግቢ ሲወጡ ሰው መንገድ ዳር ይሰለፋል። ግማሹ እጅ ሊነሳ፣ ግማሹ አቤቱታ ሊሰጥ። ወረቀት ከፍ አድርጎ "ጃንሆይ!" እያለ መኪናው ፊት የሚወድቅ ሰው የዘመኑ የተለመደ ትዕይንት ነው። ፍርድ ቤት ያላዳነው ሰው የመጨረሻ ይግባኙ ያ የሚያልፍ መኪና ነበር። በቤተ መንግሥቱ ጋራዥ ሮልስ ሮይስም ማርቸዲስም ነበሩ። ጃንሆይ በ1947 ዓ.ም. ኅዳር ምዕራብ ጀርመንን ሲጎበኙ ከጦርነቱ በኋላ እዚያ የረገጡ የመጀመሪያው ርዕሰ ብሔር ነበሩ፤ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አደናወር የሚሄድበት ትልቁ ማርቸዲስ 300 ሕዝቡ በሰውየው ስም ይጠራው ነበር። አገሪቱ ከፍርስራሽ መነሳቷን ለዓለም የምታሳየው በዚህ መኪና ነው።

ፍርስራሹ ላይ ግን የኩባንያው እጅም ነበረበት። ሂትለር ቆሞ ሰልፍ የሚያይበት ክፍት መኪና ማርቸዲስ 770 ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ዳይምለር ቤንዝ ከነበሩት 63,610 ሠራተኞች ግማሽ የሚጠጉት በግዳጅ የመጡ ሲቪሎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ፤ ይህን ዛሬ ኩባንያው ራሱ ያምናል። የዬሊኔክ አባት ደግሞ የታወቀ የቪየና ራቢ ነበር። አይሁድን ሊያጠፋ የተነሳው ሥርዓት የራቢ የልጅ ልጅ ስም የተጻፈበት መኪና ላይ ቆሞ ሰላምታ ይቀበል ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ማስተዋወቅ አለብኝ፤ ፈርዲናንድ ፖርሽ። ከ1923 እስከ 1928 ሽቱትጋርት የማርቸዲስን የቴክኒክ ሥራ የመራው እሱ ነው፤ ትልልቆቹን፣ ኃይለኞቹን፣ የሀብታም መኪኖቹን ነድፏል። በኋላ ለሂትለር ተራው ሰው የሚገዛትን ትንሽ መኪና ነደፈ። ያቺ ቮልስዋገን ናት፤ የእኛዋ ቮልስ። ቮልስና ማርቸዲስ የአጎት ልጆች ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እነዚህ ዘመዳማቾች አዲስ አበባ ላይ የተገናኙት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዋዜማው፣ ከእንቁጣጣሽ ምሽት እንነሳ። ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም አቀረበ፤ የሚሞቱት ሕፃናት ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ። ጠጅና ኬክ፣ ከዚያ አጽሙ የቀረ ልጅ፣ እንደገና ኬክ። በነጋታው ጠዋት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት መጥተው የመውረጃ አዋጁን አነበቡላቸው። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱን በአንዲት ቮልስ አስገብተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። መኪናዋን አይተው ቅር እንዳላቸው ተጽፏል። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር ማጠፍና ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ለአርባ ዓመታት ሌላው የጎነበሰላቸው ሰው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መጎንበስ ሆነ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው "ሌባ!" ይል ነበር።

ታስቦበት ቢሆንም ባይሆንም ሰው ያነበበው አንድ ነገር ነው፤ የማርቸዲስ ዘመን አለቀ፣ የሕዝብ መኪና መጣ። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምንሰማው እንደ ቀልድ፣ አንዳንዴም እንደ ፍትሕ ነው። እኔ ግን ወሎን ከረሳው ማርቸዲስ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቮልሷ ናት። ኅዳር 14 ቀን፣ ገና ሦስተኛ ወሩ ሳይሞላ፣ ደርግ ወደ ስልሳ የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ንጉሡ ራሳቸው እስር ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ቀይ ሽብር የጉለሌን ወጣት እንዴት እንዳረገው እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ከቤቱ ሰምቶታል። ትልቅ መኪና ትዕቢትን አይደብቅም፣ ያሳያል። ትንሿ መኪና ግን ትሕትና መስላ መጣች፤ ሰውም አመነ።

ማርቸዲስ በበኩሉ በአህጉሩ ሁሉ ስም እያወጣ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል 600 መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ግንዱን ሳይቀር በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅስ፣ እስከ 1981 ድረስ 2,677 ብቻ የተሠራ መኪና ነው። ኢዲ አሚን ነበረው፤ ሞቡቱ ነበረው፤ ቻውሼስኩም ነበረው። ጎረቤቶቻችን በስዋሂሊ "ዋቤንዚ" የሚል ቃል ፈጠሩ፤ የቤንዝ ጎሳ እንደማለት ነው፤ ነፃነት ሲመጣ ቢሮና መኪና የወረሰው አዲሱ መደብ። እኛ ቃሉን አልፈጠርንም። ደርግ ሲሄድ በምትኩ "ቪ8" የሚለው መጣ፤ የባለሥልጣን መኪና ዛሬም የሚጠራው በሞተሩ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ማርቸዲስ እዚሁ ከተማ ሥራውን ሠርቷል። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ ወደ ከተማ ሲገቡ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። ጥይት የማይበሳው ማርቸዲሳቸው ያዘ፤ ሾፌሩ ዞሮ ወደ አየር ማረፊያ ተመለሰ፤ ሙባረክ ያን ዕለት ካይሮ ገቡ። ሁለት የኢትዮጵያ ፖሊሶች ሞቱ። እነሱ ማርቸዲስ ውስጥ አልነበሩም። በዚህ የተነሳ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሱዳን ላይ ውሳኔ ሲያሳልፍ ስለ መሪው ደኅንነት ብዙ ተጻፈ፤ ስለ ፖሊሶቹ ግን የሚያስታውስ ሰው ለማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ የቤተ መንግሥት ወሬ ወጥቼ ወደምወደው ማርቸዲስ ልሂድ። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ የቆመ 240 ዲ አለ፤ መካኒኮቹ "123" የሚሉት ዓይነት። ፋብሪካው ከ1975 እስከ 1985 ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ አምርቷል። ይህ የንጉሥ መኪና አይደለም፤ በጀርመን ታክሲ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውን 240 ዲ አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም አስረክቧል። "አይሞትም" የሚለውን የማርቸዲስ ስም የሠሩት እንዲህ ያሉት ናቸው። ንጉሦቹ ስሙን ተዋሱት እንጂ አላመጡትም።

ግን ጉለሌ ላይ ፈተና አለበት። ሞተሩ አዲስ እያለ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ከሃያ በመቶ በላይ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያጣውን አየር ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ የጀርመኑ ጌታ እንደ ሸማኔ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ይህም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 በርታ ቤንዝ ባሏ ሳያውቅ ሁለት ልጆቿን ይዛ በሦስት እግሩ መኪና መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዳ ዳገት ላይ ልጆቹ ወርደው ይገፉ ነበር። የተደፈነ ቧንቧ በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተች፣ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ አስቁማ ቆዳ አስመታችበት። ስትመለስ ለባሏ ዳገት የሚወጣ ማርሽ ጨምርበት አለችው። ለእኔ የዚህ ኩባንያ መሥራች እሷ ናት፤ የመጀመሪያዋ መካኒክም።

የመኪናው ባለቤት አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ሊሸጡት ይፈልጋሉ፤ ገዢ ግን የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ የሰፈሩ አዲስ መኪና ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው። ከቻይና ከሚመጡት መካከል ቮልስዋገንም አለ፤ ድምፅ የለውም።

"ጋሼ፣ ይነሳል ግን?" አልኳቸው ሽማግሌውን መካኒክ።

"አንተ ልጅ፣ ይህ ሰው እኮ አይደለም፣ ለምን አይነሳም?" አሉና ገቡ። ቁልፉን ግማሽ አዞሩት። የናፍጣ ሞተር ከቀዘቀዘ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ጠበቅን። ትንሿ ብርቱካናማ መብራት ስትጠፋ አዞሩት፤ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ተነሳ። ይዘውኝ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጡ። በሁለተኛ ማርሽ እያጓራን ስንሄድ አንድ ነጭ ቮልስዋገን ያለ ድምፅ አልፎን ሄደ። ጋሼ አላዩትም። የሚያዩት መንገድ ዳር ቆመው ጣታቸውን ወደኛ የቀሰሩትን ሁለት ልጆች ነበር።