ያለ ክብደት ስፋት፦ የቪክቶሪያ ዘመን የቀሚስ መደገፊያዎችና የመንቀሳቀስ ጥያቄ

መግቢያ

ንግሥት ቪክቶሪያ ብሪታንያን በገዛችባቸው ዓመታት (ከ1837 እስከ 1901፤ በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሴቶች ቀሚስ ቅርጹን ደጋግሞ ለውጧል። በመጀመሪያ ዙሪያውን ሰፋ፤ ቀጥሎ ስፋቱ ወደ ኋላ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ከጭን ጋር እስኪጣበቅ ጠበበ፤ በ1880ዎቹ ደግሞ ከወገብ በታች እንደገና ወደ ኋላ ተነፋ። ጨርቅ በራሱ እንዲህ ሊቆም አይችልም። ከእያንዳንዱ ቅርጽ ሥር ከዓይን የተሰወረ መደገፊያ ነበረ፤ መደገፊያውም ብዙውን ጊዜ በፈጠራ ባለመብትነት የተመዘገበ የፋብሪካ ውጤት ነበር።

ስለነዚህ መደገፊያዎች የተጻፈው በአመዛኙ ትርጉማቸውን የሚመረምር ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቶርስታይን ቬብለን በ1899 ባሳተመው ሥራው፣ ለመንቀሳቀስ የማይመች የሴት ልብስ የቤተሰቡን ሀብት ማሳያ ነው፤ ለባሿ ሠርታ መብላት እንደማያስፈልጋት ይመሰክራል ብሎ ነበር። በ1977 ሄሊን ሮበርትስ በአንድ የጥናት መጽሔት ላይ የቪክቶሪያ ዘመን ልብስ ሴትን ለታዛዥነት ያሠለጠነ ነው ስትል፣ ዴቪድ ኩንዝል በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት ተቃወማት። በእሱ እይታ የጠባብ ኮርሴት (ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ) አውጋዦች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሴቶችን ነፃነት የሚጠሉ ነበሩ። ክርክሩ ጠቃሚ ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች ልብሱን እንደ ምልክት ነው የሚያነቡት። ይህ መጣጥፍ መደገፊያውን እንደ መሣሪያ ያነብበዋል፦ የትኛውን ችግር ፈታ? ለማን? የትኛውንስ ሳይፈታ ተወ?

መከራከሪያዬ ይህ ነው። ቀሚስን ያለ ክብደት የማስፋት ችግር በ1850ዎቹ አጋማሽ መፍትሔ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የፈጠራ ሰዎች ጉልበት በአብዛኛው የዋለው ያ ስፋት በሚንቀሳቀስ አካል ላይ ሲውል ለሚያመጣው ጣጣ ነው። ከጣጣዎቹ መካከል ገበያ ሊከፍልባቸው የፈለገው ብቻ በቶሎ ተፈታ፤ ነፍስ ያጠፋው ግን ገዢ አጣ።

ከክብደት ወደ ሞላ

በ1840ዎቹ ቀሚስን ለማስፋት የነበረው መንገድ መደራረብ ነበር። አንዲት ሴት ከላይኛው ቀሚስ ሥር አምስትና ስድስት የውስጥ ጉርድ ትለብስ ነበር፤ አንዳንዱ በስታርች የደረቀ፣ አንዳንዱ ጥጥ የተሞላ፣ አንዳንዱም ከፈረስ ጭራና ከተልባ ክር የተሠራ ጠንካራ ጨርቅ ነው። ክሪኖሊን የሚባለው መጀመሪያ ይህ ጨርቅ ነበር። የሁሉም ክብደት በወገብ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲራመዱ ከእግር ጋር ይጠላለፋል፤ በበጋ ያፍናል። ፋሽን በየዓመቱ ተጨማሪ ስፋት ሲጠይቅ ሌላ ንብርብር ከመጨመር በቀር አማራጭ አልነበረም።

መፍትሔው በ1856 መጣ። ሚዬ የተባለ የበዛንሶን ሰው የክብ ብረቶች መደገፊያን በፓሪስ አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት በወኪል በኩል በብሪታንያም ተመዘገበ። በዛንሶን የፈረንሳይ የሰዓት ሥራ ማዕከል ነበረች፤ አዲሱ መደገፊያም የቆመው በሰዓት ሞላ ባሕርይ ላይ ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት በስሱ ይዳመጣል፤ በእሳትና በማቀዝቀዝ የመለጠጥ ኃይል እንዲያገኝ ይደረጋል፤ ዝገቱ ልብስ እንዳያበላሽ በጥጥ ክር ይሸፈናል። ክቦቹ ከላይ ጠበው ከታች እየሰፉ ከወገብ መቀነት በሚወርዱ ጥብጣቦች ላይ ይንጠለጠላሉ። በጎጆ ጣራ ላይ ማገሩ ወራጆቹን እንደሚይዝ፣ ክቦቹ ጥብጣቦቹን ይወጥሯቸዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው ከላይ መሆኑ ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ስድስቱን ጉርድ አንድ ቀላል ቀፎ ተካው፤ ክሪኖሊን የሚለው ስምም ወደ እሱ ተላለፈ። እግር በባዶ ቦታ ውስጥ እንደ ልብ መራመድ ቻለ። ስለዚህ በኋለኛው ዘመን የሴት እስር ቤት ምሳሌ ተደርጎ የተወሰደው ቀፎ ለመጀመሪያዎቹ ለባሾቹ እፎይታ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋው እየወረደ ሲሄድም የቤት ሠራተኞችና የፋብሪካ ሴቶች ለበሱት። ቶምሰንን የመሰሉ አምራቾች በለንደን ትልልቅ ፋብሪካዎች ከፈቱ፤ በኒው ዮርክ የዳግላስና ሸርውድ ፋብሪካ በርካታ ሴቶችን ቀጥሮ ያመርት ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ መጋዝና ሞላ ይሠራ የነበረው የፔዦ ቤተሰብ የክሪኖሊን ብረት አምራች ሆነ።

ጊዜው ለዚህ ምቹ ነበር። የልብስ ስፌት መኪና ገበያ ላይ መዋል የጀመረው በ1850ዎቹ ሲሆን፣ በብዙ ሜትር የሚቆጠረውን የቀሚስ ጠርዝ በእጅ መስፋት ከሚጠይቀው ጊዜ ገላግሏል። ኬሚስቱ ዊልያም ፐርኪን ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም ያገኘውም በዚሁ በ1856 ነው። ሰፊው ቀሚስ የአዲሱ ቀለም ማሳያ ሆነ። የብሪታንያ የፈጠራ መብት ሕግም በ1852 ተሻሽሎ የምዝገባው ወጪ ቀንሶ ነበር፤ አነስተኛ ማሻሻያዎች እንደ ጎርፍ የመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስፋቱ ሲንቀሳቀስ

ቆሞ ለሚታይ አካል ቀፎው የተዋጣለት ነበር። ችግሩ የመጣው ለባሿ ስትቀመጥ፣ ሠረገላ ስትወጣ፣ በጠባብ በር ስታልፍ ወይም ነፋስ ሲነሳ ነው። ብረቱ አንድ ጎኑ ሲጫን በሌላው በኩል ይነሳል፤ እግርም ይታያል። ቀድሞ እንደ አስፈላጊ የማይቆጠረው ረጅም የውስጥ ሱሪ የተስፋፋውና ጫማ በጌጥ የታሰበበት ከዚሁ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ማሻሻያዎች በዚህ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የፊተኛው የላይኛው ክፍል ያለ ክብ ክፍት ተተወ፤ ጥብጣቡና ብረቱ የሚገናኙበት መጋጠሚያ በትንንሽ የብረት ዓይኖች ተጠናከረ። ብረትን በአየር የተነፋ የጎማ ቱቦ ለመተካትም ተሞክሯል፤ ለቀልደኛ ጋዜጦች ሲሳይ ሆኖ አለፈ።

የሌላው ቡድን መሣሪያዎች ቀሚስን ማንሻዎች ናቸው። የ1860ዎቹ ሴት በጭቃ መንገድ ትሄዳለች፣ ተራራ ትወጣለች፣ ክሮኬ የተባለውን የሜዳ ጨዋታ ትጫወታለች። ከመቀነት በገመድ የሚንጠለጠል መቆንጠጫ የቀሚሱን ጠርዝ ነክሶ ይይዛል። ሌላው ዓይነት በቀሚሱ ውስጠኛ ክፍል በተሰፉ ቀለበቶች ውስጥ የሚያልፍ ገመድ ነው፤ ወገብ ላይ ሲሳብ ቀሚሱ ዙሪያውን በእኩል ይነሳና ከሥሩ ያለው ባለቀለም ጉርድ ይታያል። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ለታሪክ ጸሐፊ የሚናገሩት ብዙ ነው፦ ለባሿ ቤት የተቀመጠች ምስል ብቻ ብትሆን ኖሮ ማንም ማንሻ ሠርቶ ባልሸጠ ነበር።

የሥራ ቦታ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። ኮርቶልድ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት በ1860 ሠራተኞቹ ክሪኖሊናቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ አዘዘ። ትእዛዙ ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ ሰፊው ቀሚስ የሥራ ፈት ሴቶች ምልክት ብቻ እንዳልነበረና፣ በማሽኖች መካከል ለመሥራት ማንም መደገፊያውን እንዳላመቻቸው።

ገዢ ያጣው መፍትሔ

ከሁሉ የከፋው አደጋ እሳት ነበር። ቤት በክፍት ምድጃና በሻማ ይሞቃል፣ ይበራል። ለባሿ የቀሚሷ ጠርዝ የት እንደደረሰ አይሰማትም፤ ስስ የጥጥ ጨርቅ በቀላሉ ይያያዛል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ አየር እየመገበ ነበልባሉን ወደ ላይ ይስበዋል። አደጋው በሰፊ ቀሚስ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የባለቅኔው ሎንግፌሎ ሚስት ፋኒ በ1861 በማሳቹሴትስ ቤቷ ውስጥ ልብሷ ተያይዞ ሞተች። በ1871 ከጸሐፊው ኦስካር ዋይልድ ጋር በአባት ብቻ የሚገናኙ ሁለት እህቶቹ በአየርላንድ እንዲሁ በእሳት አለቁ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ሕሙማን እንክብካቤ በጻፈችው መጽሐፍ ክሪኖሊንን በብርቱ ነቅፋ፣ መንግሥት በዚህ ልማድ በእሳት የሞቱትን ቁጥር ይፋ እንዲያደርግ ጠይቃለች።

መፍትሔ አልጠፋም ነበር። ፍሬድሪክ ቨርስማንና አልፎንስ ኦፐንሃይም የተባሉ ኬሚስቶች በ1850ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ በርካታ ጨዎችን በጨርቅ ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1859 ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር አቀረቡ። የአሞኒየም ጨዎች እሳትን ይከላከላሉ፤ ነገር ግን የካውያ ሙቀት ያበላሻቸዋል። ሶዲየም ተንግስቴት ካውያውን ተቋቁሞ ጨርቁንም አይጎዳም፤ በቤተ መንግሥቱ የልብስ ማጠቢያም ሥራ ላይ ውሏል።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? ጨው በውኃ ስለሚታጠብ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ እንደገና መነከር አለበት። ወጪውና ድካሙ ተደጋጋሚ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሚታየው አደጋ ሲደርስ ብቻ ነው። በዚያው ዘመን የተሸጠች የምቾት ማሻሻያ ግን ገዢዋ በተቀመጠች ቁጥር ትሰማታለች። ሕጉም አምራቹን አላስገደደም። ችግሩ በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በማስፈጸሚያ ማጣት ተንጠልጥሎ ቀረ።

ወደ ኋላ የዞረው ስፋት

ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀሚሱ ፊት ጠፍጣፋ ሆነ፤ ስፋቱ ወደ ኋላ ሄደ። ሙሉ ክቦቹ ግማሽ ሆኑ። በአዲሱ መደገፊያ ግማሽ ክቦቹ ጉርድ ውስጥ ይሰፋሉ፤ ጫፎቻቸው ከእግር ኋላ በገመድ ይተሳሰራሉ። ገመዱ በጠበቀ መጠን ብረቱ ወደ ኋላ ይቀስታል። ስለዚህ ለባሿ ወይም ሰፊዋ ልክ እንደ ኮርሴት ቅርጹን በገመድ ታስተካክለዋለች። ባስል የሚባለው ይህ የኋላ መደገፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1870 አካባቢ እስከ አጋማሹ ነገሠ።

ቀጥሎ የመጣው ጠባብ ቀሚስ ቀጥተኛ የዕድገት ታሪክ ለሚፈልግ አንባቢ ዕንቅፋት ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ባስል ሲጠፋ እግር አልተፈታም። የቀሚሱ ፊት እንዲለጠፍ ከውስጥ የተሰፉ ጥብጣቦች ከጉልበት ኋላ ይታሰሩ ነበር፤ እርምጃም በዚያው ልክ አጠረ። መደገፊያ መቅረቱ ብቻውን ነፃነት አያመጣም።

በ1883 አካባቢ ባስል ሲመለስ ከቀድሞው ይበልጥ አግድም ወጣ፤ መቀመጥም ዋና ችግር ሆነ። የዚህ ዘመን ፈጠራዎች መለያ ማጠፊያው ነው። በተዋናይት ሊሊ ላንግትሪ ስም የተሸጠው ባስል ከጎኑ ባለ ማጠፊያ ላይ የሚንቀሳቀሱ የብረት ሞላዎች አሉት፤ ለባሿ ስትቀመጥ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ስትነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌሎች አምራቾች ከተጎነጎነ ሽቦ የተሠራ፣ አየር የሚያስገባ ባስል አቀረቡ፤ በፈረስ ጭራ የተሞላው ትራስ አከርካሪን ያሞቃል የሚለውን የጊዜውን የሐኪሞች ስጋት ለማስታወቂያ ተጠቀሙበት። እዚህም ሽያጭ ያገኘው ጤና ከምቾት ጋር አብሮ የሄደው ነው።

ጥያቄውን ማን ጠየቀ?

በ1881 በለንደን የተመሠረተው የምክንያታዊ ልብስ ማኅበር ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ አነሳ። በሌዲ ሃርበርተን የሚመራው ይህ ማኅበር የተሻለ መደገፊያ አልጠየቀም፤ የውስጥ ልብስ ጠቅላላ ክብደት ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3.2 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ጠየቀ፤ እግር የተከፈለ ቀሚስንም አቀረበ። ጥያቄው ስፋትን እንዴት እንሸከም ከሚለው ምን ያህል መሸከም አለብን ወደሚለው ተሻገረ።

በሕግም በኩል መሬቱ ተንቀሳቅሶ ነበር። በ1882 የወጣው ሕግ ያገባች ሴት የራሷ ንብረት እንዲኖራት ፈቀደ፤ የ1883ቱ ሕግ ደግሞ የፈጠራ ምዝገባ ክፍያን ወደ 4 ፓውንድ አወረደ። ብስክሌት በ1890ዎቹ ሲስፋፋ የቀሚስ ፈጠራ ያስመዘገቡ ሴቶች ቁጥር ቀላል አልነበረም። ካት ዩንግኒክል በ2018 ያሳተመችው ጥናት ከነዚህ መካከል አሊስ ባይግሬቭን ታነሳለች። የብሪክስተን ልብስ ሰፊ የነበረችው ባይግሬቭ በ1895 ያስመዘገበችው ቀሚስ በስፌቶቹ ውስጥ በተሸሸገ ገመድና ክብደት ይሠራል፤ ለባሿ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ቀሚሱን ከፊትና ከኋላ ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ስትወርድ ይለቀቃል።

መደምደሚያ

የ1860ዎቹ ቀሚስ ማንሻና የባይግሬቭ ገመድ በአሠራር ሩቅ አይደሉም። የሚለያቸው መነሻቸው ነው። የመጀመሪያው ቅርጹ ከተወሰነ በኋላ የሚመጣ ማስታገሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእንቅስቃሴው ተነስቶ ቀሚሱን ይቀርጸዋል። ለውጡን ያመጣው የቴክኒክ ግኝት ብቻ አልነበረም፤ ገመድም ሞላም ከአርባ ዓመት በፊት በእጅ ነበሩ። የተለወጠው ችግሩን በአካሏ የምታውቀው ሴት ባለመብት ሆና መመዝገብ መቻሏ ነው።

የዘመኑን መደገፊያዎች በጭቆናና በነፃነት ሚዛን ብቻ የሚመዝን ጥናት ይህን ልዩነት ያልፈዋል። የፈጠራ መዛግብትን ከሙዚየም ዕቃዎች ጋር አጣምሮ ማንበብ የተሻለ መንገድ ይከፍታል፤ ገበያ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደቸኮለ፣ የትኛውን ደግሞ ለሕግና ለማኅበራዊ ንቅናቄ እንደተወው ያሳያል። የቨርስማንና የኦፐንሃይም ጨው የቀረው ገዢም ሕግም ስላልደገፈው ነው፤ የባይግሬቭ ቀሚስ የተመዘገበው ግን ሕጉ መንገዱን ስለከፈተላት ነው።