በኢብኑ በጡጣ ግመሎች ላይ ምን ተጭኖ ነበር?

የኢብኑ በጡጣ (ረሒመሁላህ) ታሪክ ሲወራ የረገጧቸው አገሮች ይቆጠራሉ፤ ስለ ጓዛቸው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በ753 ዓመተ ሂጅራ፣ ሙሐረም ወር (እ.ኤ.አ. 1352) ከሞሮኮዋ ሲጂልማሳ ወደ ማሊ ሲነሱ ግመሎችና የአራት ወር የግመል ቀለብ ገዙ። ከ25 ቀን በኋላ ቅፍለቱ ተጋዛ ገባ፤ ቤቱም መስጊዱም ከጨው ድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው የግመል ቆዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ለ10 ቀን ውሃ የሌለበት በረሃ ነው። ቅማሉስ! ተጓዦቹ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ያለበት ክር አንገታቸው ላይ ያስሩ ነበር።

ታሰራህላ የምትባል የውሃ ቦታ ላይ ቅፍለቶች ሦስት ቀን ያርፋሉ። እረፍት ይባል እንጂ ሥራ ነው፤ የውሃ ስልቻቸውን ይጠግናሉ፣ ይሞላሉ፣ ነፋሱ ውሃውን እንዳያደርቅባቸው በላዩ ላይ ሻካራ ጨርቅ ይሰፉበታል።

ቀጥሎ ተክሺፍ የሚባለው መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ ብቻውን ወደ ወላታ ይቀድማል። ወላታ ያሉ ወዳጆች ቤት እንዲከራዩላቸውና የአራት ቀን መንገድ ወጥተው በውሃ እንዲቀበሏቸው ነው። ተክሺፉ በረሃ ላይ ከሞተ ወላታ ማንም አይሰማም፤ ከቅፍለቱም ብዙው በጥም ያልቃል።

የእነ ኢብኑ በጡጣ ተክሺፍ በ100 ሚስቃል ወርቅ ተቀጠረ። የቅፍለቱ መንገድ መሪ ደግሞ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ሌላው የታመመ ሰው ነበር፤ መንገዱን ግን የሚያህለው አልነበረም። በሰባተኛው ሌሊት ሊቀበሏቸው የወጡትን ሰዎች እሳት አዩ።