ኩሬው የማን ነው?

ጥምቀት ሲቃረብ የቀሃ ወንዝ ውሃ በቦይ ተመርቶ ጎንደር ውስጥ በአፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ስም ወደሚጠራው መዋኛ ይገባል። ታቦት ይወርዳል፣ ውሃው ይባረካል፣ ጎረምሳው እየዘለለ ይጠልቅበታል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርማል። ሁልጊዜ እዚያ የሚኖሩት ሥራቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ግንቡን የጨበጡት ዛፎች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ሰው ውሃ የሚያቁረው ለራሱ ብሎ ነው፤ ለበዓል፣ ለከብት፣ ለመስኖ፣ ለመጠጥ። ወፉና እንቁራሪቱ ግን ውሃው ከቆየላቸው ሳይጠሩ ይመጣሉ። ገፈርሳን ያየ ያውቀዋል። የተገደበው ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ዳርቻው ላይ ሣር ሲግጥ ይታያል። ማን ጠራው? ማንም! ገባ ያለው ዳርቻና ሣሩ ነው የጠሩት።

«ታዲያ ጥሩ ነዋ! ሁሉም በየጓሮው ይቆፍር!» የሚል አይጠፋም። ቆይ ወንድሜ፣ ቀስ በል። ሳይጠራ የሚመጣው ወፍ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በትግራይ ብዙ አነስተኛ ግድቦች ተሠሩ። ድርቅ ለጠበሰው ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ቴዎድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። ከአንድ ሺህ ሕፃናት መካከል በአንድ ወር ውስጥ በወባ የታመሙት ግድብ አጠገብ 14 ሲሆኑ፣ ራቅ ባሉት መንደሮች 2 እንኳ አይሞሉም ነበር። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ነው!

በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በአማራና በትግራይ የቤተሰብ ኩሬ በዘመቻ ተቆፈረ። ብዙዎቹ ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው፣ ጎናቸው ቁልቁል የወረደ ጉድጓዶች ነበሩ። ሕፃን ወይም ፍየል ከገባበት እያንሸራተተው መውጫ ያጣል። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ውሃው ይሰርጋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙው ተትቶ ቀረ።

ታዲያ ጥፋተኛው ውሃው ነው? አይመስለኝም። የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚመታውን ትንሽ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ ያቆረውን፣ ከግድብ ሥር ያዠውን። በሞቃት አገር ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ዕጯን የሚበሉት የውሃ ነፍሳት ግን ለማደግ ብዙውን ጊዜ ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቶሎ የሚደርቅ እንጥፍጣፊ ውሃ ጠላት የሌለበት ቤቷ ነው። በትግራይ ግድብ ዳር ባለች አንዲት መንደር እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ውሃዎች ደፍነው፣ አፍስሰውና አጥልተውባቸው ሲሞክሩት (ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል) የትንኙ ብዛት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ግድቡ አልፈረሰም። የተለወጠው ጥበቃው ነው።

ስለዚህ አራዊት የሚወዱት ኩሬና ሰው የማይጎዳበት ኩሬ ብዙ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ጎኑ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ወፍ ይቆምበታል፣ እንቁራሪት ይወጣበታል፣ የወደቀ ልጅም ይተርፍበታል። ወገቡ ጠለቅ ካለ በበጋ አይደርቅም። ዳሩ ቄጠማና ፊላ ካበቀለ የውሃ ነፍሳት መጠለያ ያገኛሉ። የሞላው ውሃ መውጫ ቦይ ካለው በዙሪያው አያቁርም። ዓሣ ከተጨመረበት የትንኙን ዕጭ ይበላል፤ የእንቁራሪቱንም ልጆች አይምርም። እሱ የቆፋሪው ምርጫ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ባለቤት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ምድር «ሃርዳ» የሚባሉ በድንጋይ የተገነቡ ኩሬዎች አሉት። የሚሠሩትም የሚጠረጉትም በኅብረት ነው። ስለዚህ ኩሬው ባለቤት አጥቶ አያድርም። የዘመቻው ጉድጓድ ያጣው ይህንን ይመስለኛል። ቆፋሪ ነበረው፣ ጠባቂ አልነበረውም።

እኛም ተማሪዎች ከመኝታ ክፍላችን ጀርባ ኩሬ እንቆፍር የሚል ሐሳብ ሲነሣ ደስ ይለናል። አካፋ ማንሣት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እኛ በጥቂት ዓመት ተመርቀን እንሄዳለን፤ ኩሬው ግን አይመረቅም። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ቄጠማውን የሚያርሙበት፣ ቦዩን የሚከፍቱበት ደንብ ሳንተውላቸው ከሄድን ኩሬውን የምናወርሰው ለትንኝ ነው። አካፋው ከመነሣቱ በፊት ተረኞቹ ይጻፉ።