የላሊበላ ቴምብሮችና የቴምብር ሰብሳቢነት

የቴምብር ሰብሳቢነት ለደብዳቤ መላኪያ በብዛት የታተሙ ቴምብሮችን መርጦ የመያዝ፣ የመለዋወጥና የመሸጥ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ከፖስታ አገልግሎቱ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። ከአገሪቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በቀጥታ አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋልና። ላሊበላ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሁለት በኩል ትገኛለች። አንደኛው በቴምብር ላይ በታተመው ምስሏ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቷና መስቀሎቿ በእነዚህ ትንንሽ ወረቀቶች ዓለምን ዞረዋል። ሁለተኛው በማኅተሟ ነው፤ ማለትም በከተማዋ ፖስታ ቤት ማኅተም በተመታበት ፖስታ። አብዛኛው ሰብሳቢ የሚያሳድደው ምስሉን ነው። ላሊበላ የምትገኝበት የላስታ ታሪክ ያለው ግን ማኅተሙ ላይ ነው።

ጅማሬው

የኢትዮጵያ ፖስታ ዕድሜውን የሚቆጥረው ከመጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1894) ጀምሮ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡትም በዚሁ ቀን ነበር። ቴምብሮቹ የታተሙት ፓሪስ ሲሆን፣ የቀረጻቸው ለፈረንሳይም ቴምብር የሠራው ዩጂን ሙሾን ነው። ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ሰባት ዓይነት ዋጋ ነበራቸው። ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው አራቱ ላይ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በቀሩት ሦስቱ ላይ ሞዐ አንበሳ ይታያል። ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ብቻ ነበር።

ችግሩ ከድንበር ውጭ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ የምኒልክን ቴምብር ብቻ ለጥፎ መድረስ አይችልም፤ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ ላለው መንገድ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። ከሐረር ተነሥቶ የሁለት አገር ቴምብር ለጥፎ የተጓዘ አንድ ፖስታ ዛሬ ከሙሉ የምኒልክ ስብስብ ይልቅ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ከ1901 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በነባሮቹ ቴምብሮች ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ ይመታባቸው ጀመር፤ መጀመሪያ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ በ1902 ደግሞ «ቦስታ» የሚል ቃል በግዕዝ ፊደል፣ ቆየት ብሎ አዲስ ዋጋ። ጽሑፉ በእጅ ስለሚመታ የተገለበጠም፣ ሁለት ጊዜ ያረፈም ይገኛል። ከእነዚህ አንዳንዱ የፖስታ ቤቱ ሥራ ያመጣው እውነተኛ ስሕተት ነው፤ ሌላው ግን ለነጋዴ ሲባል ሆን ተብሎ የተመታ ነው፤ ሐሰተኛውም ቀላል አይደለም። በዚህ ዘመን ጉዳይ ላይ የሮቤርቶ ሻኪ በ1999 የታተመ የኢትዮጵያ ፖስታ ታሪክ መጽሐፍ ብዙ ሰብሳቢ እጅ ላይ ይገኛል። የተገለበጠ ጽሑፍ ያለበት ቴምብር የቀረበለት ገዢ፣ ቴምብሩ ከነፖስታው ካልመጣ በስተቀር፣ ቢጠራጠር ይሻላል።

ብዛትና ብርቅነት

በብዛት የታተመ ወረቀት እንዴት ብርቅ እንደሚሆን ለመረዳት ከኢትዮጵያ ወጣ ማለት ይጠቅማል። በአሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለባቸው ካርዶች መጀመሪያ ከሲጋራ፣ በኋላም ከማስቲካ ጋር ይታደሉ ነበር። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ካተማቸው ካርዶች መካከል ሳይሸጡ የቀሩት ካርቶኖች መጋዘን አጣበው ቆይተው፣ በ1960 ባሕር ውስጥ እንደተጣሉ የኩባንያው ሰው ራሱ ተናግሯል። ከዚያው ስብስብ አንዱ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ሰው ካርዱ ሀብት ይሆናል ብሎ እየገዛ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ሲጀምር፣ ኩባንያዎቹም ያለ ልክ አተሙ። የዚያ ዘመን ካርድ ዛሬ በየቤቱ ሞልቷል፤ ዋጋ የለውም።

የምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብሮች ዕጣ ከኋለኛው ጋር ይመሳሰላል። ማኅተም ያላረፈባቸው ቴምብሮች ገና ከጅምሩ በሰብሳቢ አልበም ውስጥ ስለተቀመጡ ከ120 ዓመት በላይ አልፏቸውም ብርቅ አይደሉም፤ ጀማሪ ሰብሳቢ ሊገዛቸው ይችላል። ብርቅ የሆነው ሥራ ላይ የዋለው ነው፤ ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ ፖስታው ይጣላል፣ ይቀደዳል፣ እሳት ማያያዣ ይሆናል። በቴምብሩ ላይ የሐሰት ማኅተም የሚመቱ አታላዮች የበዙትም ይህን ልዩነት ስለሚያውቁ ነው።

የ1919 (እ.ኤ.አ.) ባለ እንስሳት ቴምብሮችም ተመሳሳይ መዘዝ አለባቸው። ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ ዝሆኑ፣ ሰጎኑ፣ ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ምስል ጋር የወጡበት ይህ ስብስብ በአገሪቱ ታሪክ እጅግ ከተወደዱት አንዱ ነው። በኋላ እንደገና ስለታተመ ግን አሮጌውን ከድጋሚው የማይለይ ገዢ በቀላሉ ይታለላል። ከዚያ ወዲያ ቴምብሩ የአገሪቱን ታሪክ ይከተላል። በ1929 የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲገባ መታሰቢያ የሚሆን ጽሑፍ በቴምብር ላይ ተመታ። በ1936 አገሪቱን የወረረው ጣሊያን የራሱን ንጉሥ ምስል «ኢትዮጵያ» ብሎ አወጣ፤ በ1942 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተመለሰ።

ላሊበላ በቴምብር ላይ

የላሊበላ መስቀሎች በ1967፣ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ራሳቸውን የቻሉ ስብስቦች ሆነው ወጡ። በ1970ው ስብስብ ውስጥ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ ማርያምና ቤተ ጊዮርጊስ አሉ። ጊዜው በአጋጣሚ የተገጣጠመ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጎብኚዎችን ወደ ጥንታዊ ከተሞች ማመላለስ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ልዕልት ሂሩት ደስታ ያሠሩት ሰባት ወይራ ሆቴል እንግዳ ይቀበል ነበር። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒም በእነዚሁ ዓመታት በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የጥገና ሥራ መርቷል። ዩኔስኮ ላሊበላን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1978 ነውና፣ ቴምብሩ ከመዝገቡ ስምንት ዓመት ቀድሟል።

ቤተ ጊዮርጊስ ለትንሽ ወረቀት የተመቸ ሕንፃ ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ቁልቁል ሲያዩት ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተፈለፈሉ ሦስት መስቀሎች ይታያሉ፤ ግድግዳውም የመስቀሉን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። የአውራ ጣት ስፋት ባለው ሥዕል ሳይቀር ይለያል። ቤተ ማርያም እንዲህ አይደለም፤ ውበቱ ያለው ውስጡ ባሉት ቀለም ሥዕሎችና ገና በሚከበርበት ግቢ ነው፤ ያን ደግሞ ቴምብር ሊይዘው አይችልም።

በላስታ ስለ መሰብሰብ ሲነገር አንድ መራር ነገር መነሣት አለበት። 7 ኪሎ ያህል የሚመዝነው አፍሮ አይገባ የተባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀል በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተሰርቆ፣ ቤልጅየም ውስጥ አንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ፣ በ2001 ተመልሷል። መስቀሉ አንድ ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢው በወሰደ ቁጥር አገሬው ያጣል። በብዛት የታተመ ወረቀት ግን እዚህም እዚያም ሊኖር ይችላል፤ በስብስብ ደስ የሚለው ሰው ማንንም ሳይጎዳ ላሊበላን በቤቱ የሚያኖርበት መንገድ ነው። ይህ ልዩነት በአስጎብኚዎችም በሱቅ ባለቤቶችም ዘንድ ደጋግሞ ቢነገር ጥቅሙ ብዙ ነው።

አሰባሰቡና ልውውጡ

ማኅተሙ ከማይፈለግ ተራ ፖስታ ላይ ቴምብር መንቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። የፖስታው ጥግ በቴምብሩ ዙሪያ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ለብ ባለ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሙጫው ሲሟሟ ቴምብሩ ራሱ ከወረቀቱ ይንሸራተታል፤ ካልተንሸራተተ መጎተት ሳይሆን መጠበቅ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በንጹሕ ወረቀት ላይ ማድረቅና መጽሐፍ ውስጥ ማስተኛት ይቀጥላል። የደረቀው ቴምብር የሚነሣው በጣት ሳይሆን በወረንጦ ነው፤ የእጅ ላብና ቅባት ወረቀቱን ያቆሽሻል። በዳርቻው ካሉት ጥርሶች አንዱ ብቻ ከጎደለ ዋጋው ይወርዳል። ቀለሙ ውኃ የሚፈራ ዓይነት ከሆነ ግን ጭራሽ ከወረቀቱ ባይለይ ይመረጣል።

ልውውጡ ለብዙ ተማሪዎች የተጀመረው በብዕር ጓደኛ ነው። በሩቅ አገር ካለ እኩያ ጋር የሚጻጻፍ ልጅ ደብዳቤው ላይ የተለጠፈውን ያስቀራል፤ ሁለት የተገኘለትን ከሌላ ልጅ ጋር ይለውጣል። በአዲስ አበባ ገበያው የሚታየው በቸርችል ጎዳና ባሉት የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ነው፤ አሮጌ ቴምብር ከጠገራ ብርና ከመስቀል ጎን ይደረደራል። የፖስታ ሙዚየሙም በዚያው ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ይገኛል።

በላሊበላ ልጆች ዘንድ ከቴምብር ይልቅ የታወቀው የውጭ አገር ሳንቲም ነው። ልጁ ከጎብኚ ሳንቲም ይቀበላል፤ ባንክ ሳንቲሙን ስለማይመነዝርለት ከዚያው አገር የሚመጣ ሌላ እንግዳ እስኪያገኝ ያስቀምጠዋል፤ ሲያገኝ በብር ያስለውጠዋል። ከዩሮ የትኛው የየትኛው አገር እንደሆነ በጀርባው ሥዕል የሚለይ ልጅ አይጠፋም። ጎብኚው ልመና ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ምንዛሬ ያውቃል፣ ዕቃውን ይለያል፣ ገዢውን ይመርጣል።

የላሊበላ ማኅተም

በኢትዮጵያ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይታደልም፤ ተቀባዩ ፖስታ ቤት ባለው የሳጥን ቁጥር በኩል ይወስዳል። በላስታ ደግሞ መንገዱ ራሱ ለዘመናት ከባድ ነበር። አሮጌው የአፈር አውሮፕላን ማረፊያ ክረምት ሲገባ አገልግሎት ያቆም ነበር፤ የመኪናውም መንገድ በዝናብ ይበላሻል። ስለዚህ ከላሊበላ የሚወጣው ደብዳቤ ከትልልቅ ከተሞች ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ጥሩ ሆኖ የታተመ ማኅተም ያለበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጎብኚ የላከው ፖስት ካርድ በሩቅ አገር መሳቢያ ውስጥ ተርፎ ሊሆን ይችላል። የአገሬው ሰው የጻፈው ግን፣ ለምሳሌ ካህኑ ለወንድሙ አዲስ አበባ የላከው፣ በአብዛኛው ከነቤቱ ታሪክ ጠፍቷል።

የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ የግል ደብዳቤ ሊቀር ምንም አልቀረው፤ ፖስታ ቤቱ የሚኖረው በዕቃና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። የ2020ው ወረርሽኝና ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን የደረሰው ጦርነት ጎብኚ ሲያስቀሩ ፖስት ካርድ የሚጽፍም አብሮ ቀረ። የእነዚህ ዓመታት የላሊበላ ማኅተም ነገ ተፈላጊ መሆኑ አይቀርም።

በእንዲህ ዓይነቱ ፖስታ ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በሰብሳቢው በራሱ እጅ ነው። ቴምብሩን ለአልበም ብሎ ሲቆርጠው ማኅተሙ ለሁለት ይከፈላል፣ የላኪው ከተማ ስም ይጠፋል፣ የተቀባዩ አድራሻ ይጣላል። በደብር ጽሕፈት ቤቶች፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ክፍሎችና ልጆቻቸው ውጭ በሄዱባቸው ቤተሰቦች ሳጥን ውስጥ አሮጌ ፖስታ ያገኘ ሰው እንዳለ፣ ሳይቆርጥና ሳያርስ፣ በደረቅ ወረቀት መካከል ቢያስቀምጠው ይበቃል። ጀርባውንም ገልብጦ ማየት አለበት፤ ደብዳቤው በመንገድ ያለፈባቸውና የደረሰባቸው ፖስታ ቤቶች ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዚያ በኩል ነው።